60ዎቹ ስንት ናቸው?

ጅቡቲ የሚኖር ኢትዮጵያዊ የማይጠየቀው ነገር የለም። «እዚያው ስላለህ» ብሎ የሚጀምር የስልክ መልእክት ሲደርሰኝ ገና ሳልጨርሰው ይደክመኛል። እዚያው ስላለህ የመኪና ጎማ፣ እዚያው ስላለህ ሽቶ፣ እዚያው ስላለህ ወደብ ላይ የጠፋ ኮንቴይነር። እስካሁን ላክልን ያላሉኝ ባሕሩን ብቻ ነው፤ እሱም የፖለቲካ ጉዳይ ስለሆነ ይመስለኛል።

ሰሞኑን ደግሞ አዲስ ዓይነት ትእዛዝ መጣ። የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ታጠናለች፤ የመመረቂያ ጽሑፏ ጊዜ ደርሷል። «ጋሼ» አለችኝ፣ «እዚያው ስላለህ ስለ 60ዎቹ የጅቡቲና የምድር ባቡሩ ሁኔታ ያለውን ምንጭ ሰብስበህ ላክልኝ። ናጋድ አይደለህ እንዴ? ጣቢያው በርህ ላይ አይደል?»

ነው እንጂ። ሥራዬም ትራንዚተርነት ነው፤ የሰው ዕቃ ከወደብ አስለቅቄ አገር ቤት እሰዳለሁ። ልጅቷ ያለፈን ዐሥር ዓመትም በዲክላራሲዮን የሚለቀቅ ጭነት አድርጋ ብታስበው አልፈርድባትም። ዲመሬጁ፣ ማለትም የመዘግየት ቅጣቱ፣ ግን ከባድ ነው፤ ያ ጭነት ወደብ ላይ ከተቀመጠ ግማሽ ምዕት ዓመት ሊሞላው ነው።

መቼም ታሪክ የሚፈልግ ሰው ናጋድ አይመጣም። ናጋድ ከአየር ማረፊያው ወዲያ፣ ከከተማው በስተደቡብ፣ ፀሐይና አቧራ የሚበዛበት ሜዳ ነው። ቻይናዎች የሠሩት ትልቁ የባቡር ጣቢያ የተመረቀው ጥር 2 ቀን 2009 ነው። የኔ ቴሌቪዥን በዕድሜ ይበልጠዋል። የድሮው ባቡር፣ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ የሰጡበት፣ በ1897 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ ሥራው ተጀምሮ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ፣ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የገባው፣ ሐዲዱ አንድ ሜትር ብቻ የሚሰፋው፣ 784 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው ያ ባቡር ናጋድን ጣቢያዬ ብሎ አያውቅም። የሱ ጣቢያ መሀል ከተማ፣ ወደ ባሕሩ ቀረብ ብሎ ነበር። ናጋድ የሚሄድ ሰው ሰፈር ነው፤ የሄደ ሰው እዚህ አይፈለግም።

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እ.ኤ.አ. ካላልኩ ዓመቱ የኛው ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወደፊት ሊመጣ ያለውን ጠብ ስለማውቅ ነው።)

ያም ሆነ ይህ እምቢ ማለት አልቻልኩም። እህቴ ትቀየማለች። ነጭ ሸሚዜን ለብሼ፣ ሙቀቱ ሳይከር ገና በጠዋቱ ከተማ ወረድኩ። መጽሐፍና የቆየ ጋዜጣ ከሚገኝባቸው ቤቶች ወደ አንዱ ገባሁ፤ ስሙ ይቅር። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠችው የጅቡቲ ልጅ ገና ቦንዡር ከማለቴ በአማርኛ መለሰችልኝ። አክስቷ ድሬዳዋ ነች፤ ክረምት ክረምት እዚያ ነው ያደገችው። በጅቡቲ ከተማ አማርኛ የት እንደሚጠብቅህ አይታወቅም፤ ስለዚህ ሰው ማማት የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ሌላ ቋንቋ ይማር።

«ምን ልርዳዎት ጋሼ?»

«የ60ዎቹን ጋዜጣና ሰነድ ፈልጌ ነበር።»

«አብሽር፣ ሞልቷል!» አለችኝና ገባች።

ይዛ የመጣችው ደ ጎልን ነው። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት በነሐሴ 1966 እ.ኤ.አ. ጅቡቲ ሲገቡ ነፃነት የሚል ሰልፈኛ ጠበቃቸው፤ ረብሻ ሆነ፤ ሰው ሞተ። እሳቸው ከዚህ ተነሥተው አዲስ አበባ ጃንሆይ ዘንድ ሄዱ። በዓመቱ መጋቢት ላይ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገና ከፈረንሳይ ጋር መቆየት አሸነፈ ተባለ። ከዚያ የአገሩ ስም ከ«የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ» ወደ «የአፋሮችና የኢሳዎች የፈረንሳይ ግዛት» ተቀየረ። ከተማውም በእሾህ ሽቦ ታጠረ። ጥሩ ታሪክ ነው፤ ግን ያዘዝኩት ይህን አይደለም።

«የኔ እህት፣ እኔ የምፈልገው ደርግን ነው። አብዮቱን፣ የሶማሊያን ጦርነት፣ እናንተ ነፃ የወጣችሁበትን።»

«እሱ እኮ 70ዎቹ ናቸው ጋሼ!»

«60ዎቹ ናቸው።»

«እኛ ነፃ የወጣነው በ1977 ነው።»

«በ1969 ነው። ሰኔ 20።»

ልጅቷ በዓይኗ ለካችኝ። ስምንት ዓመት አስቀድሜ ነፃ ያወጣኋት መሰላት፤ ሊያስደስታት ሲገባ ቅር አላት።

ችግሩ የሁለታችንም አይደለም። የኛ 1960 የገባው መስከረም 1967 እ.ኤ.አ. ላይ ነው፤ የነሱ 60ዎቹ ደግሞ በታኅሣሥ 1969 እ.ኤ.አ. አበቁ። ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት 60ዎቹ፣ አብረው የኖሩት ሁለት ዓመት ከጥቂት ወር ብቻ ነው። የተረፈውን ጊዜ አንደኛው ሌላውን አያውቀውም። የኛ ሰው «የ60ዎቹ ትውልድ» ሲል ንጉሥ የጣለውን ትውልድ ማለቱ ነው፤ የጅቡቲ ሰው በፈረንሳይኛው 60ዎቹ ሲል ደ ጎልን ያስባል፤ ደ ጎል የመጡት ግን በኛ ገና በ1958 ነው።

ይኸን እያሰላን ሳለ ከጎን ጋዜጣ የሚያነቡ አንድ ሽማግሌ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «በሂጅራ ብትቆጥሩት ኖሮ ጠብ አልነበረም» አሉን፣ «1390ዎቹ በሉት።» ሒሳቡን ሳየው እውነታቸውን ነው፤ ከ1970 እስከ 1979 እ.ኤ.አ. ድረስ ከሞላ ጎደል ልክክ ይላል። በዚያ ቤት ሦስት ሰው ነበርን፤ ሦስት ዐሥር ዓመት ይዘን ተቀመጥን። ሰዓቱ ወደ እኩለ ቀን ሲጠጋ ከድሬዳዋ በኩል የሚመጣው ጫት ሊገባ ሆነና ጉባኤው በሰላም ተበተነ።

ደግሞ 60ዎቹ ራሳቸው በአጥራቸው ውስጥ አይቀመጡም። «መሬት ላራሹ» የተባለው ሰልፍ የወጣው በ1957 ነው። ንጉሡ የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967። አንድ ነገር ለመያዝ ከ60 በፊት መጀመር አለብህ፤ ለመጨረስ ደግሞ ከ70 ማለፍ። የእህቴ ልጅ አማካሪ «ርእስሽን አጥብቢ» ይላት ነበር አሉ። የጠበበ ዐሥር ዓመት ግን እስከዛሬ አላየሁም።

ቤተ መጻሕፍቱ እንዲህ ካደረገኝ፣ ኢንተርኔት አለ አይደል? የጅቡቲ ዳርቻ ከእስያና ከአውሮፓ የሚመጡ የባሕር ውስጥ ገመዶች የሚወጡበት ነው። የስንት አገር ወሬ በዚህ ሥር ያልፋል። ገመዱ ከባሕሩ ወጥቶ ናጋድ እስኪደርስ ድረስ ግን ኔቱ ይደክመዋል። መብራቱ ደግሞ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአገሬ በሽቦ ይመጣል፤ ስለዚህ ሲጠፋ ጎረቤቶቼ ወደ እኔ ነው የሚያዩት።

ሌሊት ላይ ኔቱ ሲሻለው ከፈትኩና በአማርኛ «60ዎቹ» ብዬ ጻፍኩ። የመጣልኝ ሙዚቃ ነው። ሳክስፎን፣ የክራር ስልት፣ ጥቁር መነጽር ያደረጉ ሸበላዎች፣ አጭር ቀሚስ የለበሱ ልጃገረዶች። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. የሸክላ ማሳተሚያውን ከፈተ፤ ከዓመታት በኋላ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» ብሎ ለዓለም አሰማው፤ እሰየው። ኢንተርኔት ላይ የኛ 60ዎቹ ከዳር እስከ ዳር ይጨፍራሉ። የወሎ ረኃብም በዚያው ዘመን ውስጥ ነው። የእንግሊዙ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልሙን በ1973 እ.ኤ.አ. አሳየ፤ ያ ፊልም ንጉሡ ሊወርዱ በዋዜማው ምሽት በአገራችን ቴሌቪዥን ታየ። እሱን ለማግኘት ግን ከስንት ዳንስ በኋላ ወርደህ መፈለግ አለብህ።

በእንግሊዝኛ ስትጠይቀው ደግሞ ጃንሆይን ያመጣልሃል። «ብሪቲሽ ፓቴ» የሚባለው የድሮ ዜና ፊልም ቤት በ2014 እ.ኤ.አ. 85 ሺህ ያህል ፊልሞቹን ዩቲዩብ ላይ ለቅቋል። ጃንሆይ ከአውሮፕላን ይወርዳሉ። ጃንሆይ አውሮፕላን ይሳፈራሉ። አበባ የያዘች ሕፃን ትሰግዳለች፤ ሠረገላ ይነዳል። ሰውየው በሠረገላና በአውሮፕላን ብቻ የኖሩ ይመስልሃል። በባቡር የሄዱበት ትልቁ ጉዞ በግንቦት 1936 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ገብተው በእንግሊዝ የጦር መርከብ የተሰደዱበት። እሱም የእህቴን ልጅ አይመለከታትም፤ በሁለቱም አቆጣጠር 60ዎቹ አይደለም።

የፊደሉ ጣጣም አለ። አንዱ «ጅቡቲ» ሲል ሌላው «ጂቡቲ» ይላል፤ የጥንቱ «ጁቡቲ» ብሎታል፤ ማሽኑ ሦስት አገር አድርጎ ነው የሚያያቸው። በዚያ ላይ አገሩ እስከ 1967 እ.ኤ.አ. አንድ ስም፣ እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ሌላ ስም፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ ስም ነው ያለው። የዛሬውን ስም ብቻ ይዘህ የትላንቱን ካታሎግ ብታንኳኳ አይከፍትልህም። ይኸን ለወጣቶች ሁሉ እመክራለሁ፤ አገር ስትፈልጉ የድሮ ስሙን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከተማው ውስጥ ያለው የምኒልክ አደባባይ እንኳ ስሙ «የጁን 27 አደባባይ» ከሆነ ስንት ዘመኑ፤ ታክሲ ነጂው ግን ዛሬም ምኒልክ ነው የሚልህ።

ወደ ጉግል ቡክስ ሄድኩ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የተባለው ለሱ ነው። መጽሐፉ አለ ይልሃል። የምትፈልገው ቃል ገጽ 214 ላይ አለ ይልሃል። ከዚያ ከገጹ ሦስት መስመር ቀድዶ ያሳይሃል፤ ነገሩ ሊጥም ሲል፣ «ስለዚህም» ላይ ሲደርስ፣ ቁርጥ። ከ«ስለዚህም» ወዲያ ያለውን ለማወቅ መጽሐፉን ግዛ ነው። መጽሐፉ ደግሞ ከታተመ ቆይቷል፤ አይሸጥም። «ለ ሞንድ» ጋዜጣ ከ1944 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን መዝገቡን ዘርግቶታል፤ ግን ለደንበኛ ነው። የደ ጎልን ረብሻ ለማንበብ የባንክ ካርድ ያስፈልጋል። የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት «ጋሊካ» ነፃ ነው፤ እግዜር ይስጠው። ግን የቆየ ነገር ላይ ነው እጁ የሚፈታው፤ ወደኛ ዘመን ሲጠጋ የደራሲ መብት እያለ ይሰበስባል።

ያገራችን ሰው ለዚህ ሁሉ መድኃኒት አበጅቷል፤ ቴሌግራም። ማንኛውም የጠፋ የአማርኛ መጽሐፍ በፒዲኤፍ እዚያ አለ። ሕጋዊነቱን አትጠይቁኝ። አንድ በጎ አድራጊ ገጽ በገጽ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ለቆታል፤ የሚያሳዝነው የግራ አውራ ጣቱንም አብሮ ለቆታል። ከነጥፍሩ። የምፈልገው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ጣቱ ዓመተ ምሕረቱ ላይ ያርፋል። ሰውየውን ባላውቀውም ያ ጣት ዛሬ ገበያ መሀል ቢታየኝ እለየዋለሁ። ፎቶ ስለሆነም ቃል አይፈለግበትም፤ መጽሐፉን እንደ ጥንቱ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ነው።

ሁሉን ማማረር ግን ግፍ ነው። «አናል ደ ኢትዮፒ» የሚባለው የጥናት መጽሔት ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ፔርሴ» የሚባል ድረ ገጽ ላይ በነፃ ተዘርግቷል፤ ፈረንሳይኛ ለሚያነብ ሰው ድግስ ነው። ከ1963 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጣው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔትም «ጄስቶር» ላይ አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎችን ኔት ላይ ይጭናል። ስለ ባቡሩ የሺፈራው በቀለን የማስተርስ ጽሑፍ የማይጠቅስ የለም፤ ምን ይሆናል፣ ያ ባቡር 1935 እ.ኤ.አ. ላይ ሲደርስ ያቆማል፤ ርእሱ እስከዚያ ነው። የእህቴ ልጅ ከዚያ ወርዳ ሠላሳ ዓመት በእግሯ መሄድ ይጠበቅባታል።

የዋናው ወረቀት ነገር ደግሞ ሌላ ነው። የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር መዝገብ ያለው ኤክስ አን ፕሮቫንስ በምትባል የደቡብ ፈረንሳይ ከተማ፣ በባሕር ማዶ ግዛቶች ቤተ መዛግብት ውስጥ ነው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል፤ የናጋድን ሰርዶ ለመጋጥ ግን ሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል። ቪዛ ጠያቂው ስለ ትላንት ሊያነብ መሆኑን ቢያስረዳም ስለ ነገ ነው የሚጠየቀው፤ «ትመለሳለህ?» እዚያም ከደረስክ በኋላ ሕግ አለ፤ የፈረንሳይ የመዛግብት ሕግ አንዳንዱን ወረቀት 25 ዓመት፣ የግል ሕይወትና የመንግሥት ምስጢር ያለበትን 50፣ የፖሊስ ምርመራውን 75 ዓመት ይዘጋዋል። የነሐሴ 1966 እ.ኤ.አ. የፖሊስ ፋይል ሊከፈት ገና ዓመታት ይቀሩታል። ጠያቂም ተጠያቂም እስኪሞቱ ይጠበቃል ማለት ነው። ጨዋ ሕግ ነው፤ ማንንም አያሳፍርም።

የባቡሩ ኩባንያስ? በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች። ኩባንያው በፓሪስ ተወልዶ፣ በጅቡቲ ጭኖ፣ በድሬዳዋ ተጠግኖ፣ አዲስ አበባ ለገሃር ላይ የከተመ ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጅቡቲና የኢትዮጵያ የጋራ ሆነ። ወረቀቱን የት አስቀመጥክ ብትለው የትኛውን ዘመዴን ነው የምትጠይቀው ይልሃል።

አዲስ አበባ ላለ ሰው ነገሩ ይቀላል። ወመዘክር ከ1936 ጀምሮ አለ፤ የታተመ ነገር ሁሉ እዚያ መግባት አለበት። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ፤ በ1963 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ግቢው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ስለ አብዮቱ አነባለሁ ብሎ የሚገባ ተማሪ፣ አብዮቱ ያወረዳቸው ሰውዬ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት ያለበት ግቢ ውስጥ ነው የሚዘልቀው፤ አልጋው እስካሁን ለጎብኚ ይታያል። እዚያ ቁጭ ብሎ የ1966ን እና የ1967ን «አዲስ ዘመን» ጥራዝ ጎን ለጎን የዘረጋ ሰው ሌላ መምህር አያስፈልገውም። ጋዜጣው ያው፣ ማተሚያ ቤቱ ያው ብርሃንና ሰላም፣ ዓምዱ ያው፤ የተለወጠው የሰውየው ቅጽል ብቻ ነው።

መጽሐፍም ሞልቷል። የ60ዎቹ ትውልድ ሰዎች ዕድሜያቸው ሲገፋ መጻፍ ጀምረዋል፤ ብዙዎቹ ወፍራም ወፍራም ናቸው። ያነበብኳቸውን ሳስታውስ አንድ ነገር ይገርመኛል፤ ሁሉም ሰልፉ ላይ ከፊት ነበሩ። ከኋላ የነበረ ሰው እስካሁን መጽሐፍ አላሳተመም።

ከኋላ የነበሩት ናጋድ ናቸው።

ወደ ጣቢያው በሚወስደው መንገድ ዳር ምግብ ቤት ያላቸው እትዬ አሉ፤ ስማቸውን እንዳልጠራ አስጠንቅቀውኛል። ባቡር በሚገባበት ቀን ሽሮ ይወጣል፤ በማይገባበት ቀን ወሬ። ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የሽመንደፈር ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ።

«እትዬ፣ ጅቡቲ በስንት ዓመተ ምሕረት ነው የገቡት?»

«ድልድዩ ከተመታ በኋላ።»

«ዓመቱን ማለቴ ነው።»

«አቦ፣ ነፍሴን ይዤ ስወጣ ዓመት ልቆጥር ነው እንዴ? ባቡሩ ቆሟል። በጭነት መኪና ደወሌ ደረስን፣ ከዚያ በእግር። ልጄ ጥርስ እያበቀለ ያለቅሳል።» ልጁን ዞረን አየነው። ሳጥን ለስላሳ እያወረደ ነበር፤ የፊት ጥርሱን በቅርቡ አስተክሏል።

«ባንዲራ ሲሰቀልስ እዚህ ነበሩ?»

«ባንዲራው ሲሰቀል ገና ሻንጣችንን አልፈታንም። ሌሊቱን ሙሉ ከበሮ ነበር፤ ጦርነቱ ተከትሎን መጣ ብዬ ልጁን አልጋ ሥር ከተትኩት።»

እንግዲህ ቁጠሩት። የባቡሩ ድልድዮች የተመቱት በ1969፣ የጅቡቲ ነፃነት ሊታወጅ ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ባንዲራው የተሰቀለው ሰኔ 20። እትዬ አንድም ቁጥር ሳይጠሩ ከሳምንታት በማይበልጥ ልዩነት ውስጥ ራሳቸውን አስቀመጡልኝ፤ በየትኛው ካሌንደር ብሎ የሚጨቃጨቃቸውም የለም። ከሳቸው በኋላ ብዙ ሰው መጣ፤ ዲኪልና አሊ ሳቢየህ መጠለያ ተከፈተ፤ በ1983 እ.ኤ.አ. «ተመለሱ» ተባለ። ያ ሁሉ በተባበሩት መንግሥታት ፋይል ውስጥ ቁጥር ሆኖ ተቀምጧል። የአልጋ ሥሩን ልጅ ግን ፋይል ውስጥ አታገኙትም፤ ለስላሳ እያወረደ ነው።

ከዚያ እትዬ ጓዳ ገብተው አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አመጡ። ከውስጡ የባለቤታቸውን የሥራ መታወቂያ ደብተር አወጡ። የእጅ መዳፍ ታህላለች፤ ሽፋኗ አረንጓዴ ጨርቅ ነበር፤ ጠርዙ ላይ ብቻ አረንጓዴነቱ ቀርቷል። ፎቶው ላይ ሰውየው ክራቫት አስረዋል፤ ክራቫቱ የፎቶ ቤቱ እንደነበር እትዬ ነገሩኝ። ከላይ ፈረንሳይኛ፣ ከታች አማርኛ። ማኅተሙ ሁለቱን ይነካል። በፈረንሳይኛው መስመር 1972 ይላል፤ በአማርኛው 1964። ያ ያጋጨን ነገር በአንዲት ገጽ ላይ፣ በአንድ ጸሐፊ ቀለም፣ አለ ምንም ማብራሪያ ተቀምጧል። የመጨረሻዎቹ ባዶ ገጾች ላይ ደግሞ የስም ዝርዝር አለ፤ ከያንዳንዱ ስም ፊት ለፊት ሳንቲም። «ቡና ተበድረውት የጠፉ ናቸው» አሉኝ። የየትኛውም ኩባንያ ቤተ መዛግብት ይህን አይዝም።

ፎቶ አንሥቼ ለእህቴ ልጅ ላክሁላት። የራሴን ጣት እንዳይገባ ተጠንቅቄያለሁ።

በደስታ ደወለች። አማካሪዋ ግን ወግ አጥባቂ ሰው ነው፤ የቃል ምንጭ ከሆነ የተጠያቂዋ ስም፣ ዕድሜ፣ የተጠየቁበት ቀንና ቦታ ይገለጽ ብሏል። ለእትዬ ነገርኳቸው። ስም እምቢ። ቦታ ይሁን። ዕድሜ ሲባል ማማሰያውን አስቀመጡ። «ዕድሜዬን ምን አገባው? እሱ የሚፈልገው ባቡሩን አይደል?»

በመጨረሻ የላክሁላት ጭነት ይኸ ነው። የደብተሯ ፎቶ፤ ያቺ የቤተ መጻሕፍት ልጅ በእጇ የጻፈችልኝ የመደርደሪያ ቁጥሮች፤ የፔርሴና የጄስቶር ጽሑፎች ዝርዝር፤ እና እኔው ራሴ ያሰመርኩት ሠንጠረዥ፣ በአንድ ዓምድ የኛ ዓመት፣ በሌላው የፈረንጁ፣ በሦስተኛው ሂጅራ። አማካሪው ከሁሉም በላይ የወደደው ሠንጠረዡን ነው አሉ።

ከደብተሯ ጋር ቆርቆሮው ውስጥ ሌሎች ፎቶዎችም ነበሩ። ድሬዳዋ ከዚራ ጥላ ሥር የቆሙ ወጣቶች፣ ፉርጎ ላይ የተደገፈ ወንድም፣ አንዲት የማትታወቅ ሙሽራ። አንድ በአንድ ገለበጥኳቸው። ሁሉም ጀርባቸው ላይ በደማቅ ቀለም «ለማስታወሻ» ይላል፤ ሌላ ምንም የለም። እትዬ የሙሽራዋን ስም ሊያስታውሱ ብዙ ደከሙ፤ አልሆነም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ቤትህ ውስጥ እንዲህ ያለ ቆርቆሮ፣ ሻንጣ ወይም አልበም ካለህ፣ የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ አውርደው። እስክሪብቶ ያዝና ከ«ለማስታወሻ» ሥር የሰውን ስም፣ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን ጻፍ። ከዓመቱ ጎን ደግሞ አደራህን በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጨምርበት።